ወደ ኦርክኒና ሉዊስ ትክል ድንጋዮች የፎቶግራፍ ጉዞ፦ ከብርሃኑ ጀምሮ እንዴት ይታቀዳል?

ከስኮትላንድ ሰሜናዊ ጫፍ ባሻገር የሚገኙት የኦርክኒ ደሴቶችና በምዕራብ በኩል ያለው የሉዊስ ደሴት፣ ከ5,000 ዓመት ገደማ በፊት የተተከሉ ድንጋዮች እስከ ዛሬ ቆመው የሚታዩባቸው ስፍራዎች ናቸው። ለካሜራ የሚመች ነገር ሁሉ አላቸው፤ ዛፍ እምብዛም የለም፣ ሰማዩ ሰፊ ነው፣ ውኃ ከየአቅጣጫው ይታያል። ሆኖም ነፋሱ ብርቱ፣ አየሩ ተለዋዋጭ፣ መንገዱም ረጅም በመሆኑ ሳይታቀድ የሚሄድ ሰው ገንዘቡንም ጊዜውንም በከንቱ ሊያባክን ይችላል።

ብዙ ሰው ጉዞ ማቀድ የሚጀምረው ከአውሮፕላን ቲኬት ነው። ለፎቶግራፍ ጉዞ ግን ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት ብዬ አምናለሁ። መጀመሪያ ምን ዓይነት ብርሃን እንደሚፈለግ ይወሰናል፤ ብርሃኑ ወሩን ይወስናል፤ ወሩ ጀልባውንና ማረፊያውን ይወስናል፤ ቲኬቱ ከእነዚህ ሁሉ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው። ይህ መመሪያም የሚከተለው ያንኑ ቅደም ተከተል ነው።

ቦታዎቹን መምረጥ

ኦርክኒ 70 ያህል ደሴቶች ያሉት ሲሆን ሰው የሚኖርባቸው ወደ 20 የሚጠጉት ናቸው። ትልቁ ደሴት ሜይንላንድ ይባላል፤ ዋናዎቹ ከተሞች ኪርክዎልና ስትሮምነስም የሚገኙት በዚሁ ደሴት ላይ ነው። ዩኔስኮ በ1999 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የመዘገባቸው አራት ስፍራዎች የስቴንስ ትክል ድንጋዮች፣ የብሮድጋር ክብ፣ የሜስሃው መቃብርና የስካራ ብሬ መንደር ሲሆኑ ሁሉም በሜይንላንድ ምዕራባዊ ክፍል ይገኛሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ እርስ በርስ በእግር የሚደረስባቸው ናቸው፤ ስካራ ብሬ ብቻ ወደ ምዕራቡ ባሕር ዳርቻ ወጣ ብሎ ይገኛል።

ስቴንስ ዛሬ የቀሩት ትልልቅ ድንጋዮች አራት ቢሆኑም ቁመታቸው እስከ 6 ሜትር ይደርሳል፤ ጫፋቸው በሰያፍ የተቆረጠ ስለሚመስል ከሰማይ ጋር ሲታዩ መስመራቸው ስለታም ነው። ብሮድጋር ደግሞ 104 ሜትር ስፋት ያለው እጅግ ትልቅ ክብ ነው። መጀመሪያ 60 ያህል ድንጋዮች እንደነበሩት ይገመታል፤ ከእነዚህ ውስጥ 36ቱ ቀርተዋል፣ ከነዚያም አንዱን በ1980 እ.ኤ.አ. መብረቅ መትቶ ሰባብሮታል። ክቡ የተሠራው አንዱ ጨው ያለበት ሌላው ጨው አልባ በሆኑ ሁለት ሐይቆች መካከል በምትገኝ ጠባብ መሬት ላይ ነው።

በሉዊስ የሚገኘው የካላኒሽ ስፍራ ከእነዚህ ጋር አንድ አይደለም። 4.8 ሜትር ቁመት ያለውን መካከለኛ ድንጋይ 13 ድንጋዮች ከበውታል፤ ከክቡም በአራት አቅጣጫ የሚወጡ የድንጋይ ረድፎች ስላሉት ከላይ ሲታይ መስቀል ይመስላል። የኦርክኒ ድንጋዮች ቀጫጭንና ልሙጥ ሲሆኑ፣ የካላኒሽ ድንጋዮች ግን ናይስ ከሚባል በምድር ላይ እጅግ ጥንታዊ ከሆነ የድንጋይ ዓይነት የተቆረጡ፣ ነጭና ጥቁር ግራጫ መስመር የተጠላለፈባቸው ሻካራ ድንጋዮች ናቸው። በአንድ ድንጋይ ገጽ ላይ ብቻ ብዙ ሰዓት መሥራት ለሚወድ ሰው ካላኒሽ ይበልጥበታል።

እንግዲህ አንድ ሳምንት ብቻ ያለው ሰው ከሁለቱ አንዱን ይምረጥ። ሁለቱን በአንድ ሳምንት ለማየት የሚሞክር ሰው ግማሹን ጊዜ በመኪናና በጀልባ ላይ ያሳልፋል፤ በቀረው ጊዜ ደመና ከመጣ ደግሞ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሁለት ሳምንት ካለ ሁለቱንም ማዳረስ ይቻላል፣ ምክንያቱም ከኦርክኒ ወደ ዋናው ምድር ተሻግሮ በሰሜን ስኮትላንድ በኩል እስከ አላፑል ወደብ መንዳት ብቻውን አንድ ቀን ይወስዳል። እንደ ሩሴይና ፓፓ ዌስትሬይ ያሉት ትንንሽ ደሴቶች ትርፍ ቀን ሲኖር የሚታከሉ ናቸው። በሩሴይ የሚገኘው የሚድሃው ጥንታዊ መቃብር በትልቅ አዳራሽ ውስጥ ተጠልሎ ከላይ በተዘረጋ መተላለፊያ ላይ ሆኖ የሚታይ በመሆኑ፣ ጀልባው እስከሠራ ድረስ ለዝናብ ቀን የሚመች ነው።

ወሩን በብርሃን መወሰን

ለኢትዮጵያዊ ፎቶ አንሺ ከሁሉ በላይ ትኩረት የሚሻው ይህ ክፍል ነው፤ በኛ አገር የለመድነው ብርሃን እዚያ የለምና። አዲስ አበባ በሰሜን ኬክሮስ 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ ተቀራራቢ ነው፤ ፀሐይም ቀጥ ብላ ስለምትጠልቅ ከጠለቀች በኋላ የሚቀረው ደብዘዝ ያለ ብርሃን 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ይቆያል። ኦርክኒ 59 ዲግሪ ላይ ነው። እዚያ ፀሐይ አግድም እየተንሸራተተች ስለምትወርድ በመስከረም ወር እንኳ ያው ብርሃን በእጥፍ፣ ማለትም ወደ 40 ደቂቃ ይረዝማል። ድንጋይን ለሚያነሳ ሰው ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ቦታ ለመቀየር፣ ሌንስ ለመለወጥ፣ ደግሞም ለማሰብ ጊዜ ይገኛል።

ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ሰዓቶች በኛ አቆጣጠር የተጻፉ የቦታው ሰዓቶች ናቸው። የጀልባና የአውሮፕላን ቲኬት ላይ የሚታተመው ግን የአውሮፓ አቆጣጠር ስለሆነ 22:30 የሚል ቲኬት ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ማለት መሆኑን ልብ ይበሉ።

በጁን 21 (ሰኔ 14) አካባቢ በኦርክኒ ፀሐይ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ወጥታ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች። በእኩለ ሌሊትም ከአድማስ በታች የምትወርደው ከ8 ዲግሪ ባነሰ መጠን ስለሆነ ሰማዩ ፈጽሞ አይጨልምም። ይህ ሲሰሙት ያጓጓል፤ ይሁን እንጂ የምሽቱን ብርሃን ጠብቆ ከሌሊቱ 6 ሰዓት የሚተኛ ሰው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል መነሳት ይጠበቅበታል፣ ይህንንም ከሦስት ቀን በላይ የሚችል ጥቂት ነው። ኮከብ ማንሳትም አይታሰብም።

በዲሴምበር 21 (ታኅሣሥ 12) አካባቢ ደግሞ ፀሐይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ወጥታ ከቀኑ 9 ሰዓት ከሩብ ገደማ ትጠልቃለች። በእኩለ ቀን እንኳ ከአድማስ ከ8 ዲግሪ በላይ አትወጣም። ደመና ካልጋረዳት በቀር እኛ በማለዳና በማታ ብቻ የምናውቀው ወርቃማ ብርሃን ቀኑን ሙሉ ይዘልቃል ማለት ነው። በእነዚሁ ቀናት ዙሪያ ባሉት ሳምንታት የምትጠልቀው ፀሐይ ጨረር በሜስሃው መግቢያ ዘልቆ የመቃብሩን የውስጥ ግድግዳ ያበራል። ነገር ግን ወቅቱ የማዕበል ወቅት ስለሆነ ጀልባ ይሰረዛል፣ አየሩም ለቀናት ተከታትሎ ሊጨልም ይችላል። ይህን የብርድ ወቅት የምመክረው ከዚህ በፊት ደሴቶቹን አይቶ ለሚመለስ ሰው እንጂ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ አይደለም።

ለመጀመሪያ ጉዞ የሚሻሉት ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ሜይ አጋማሽ ያለው ጊዜና ሴፕቴምበር ናቸው። በመስከረም አጋማሽ ፀሐይ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ገደማ ወጥታ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ስለምትጠልቅ ሰውነትም አይደክም፣ እንቅልፍም ይበቃል፤ ሰማዩ ጠርቶ ከጨለመ ደግሞ የሰሜን ብርሃን የመታየት ዕድል አለ። ከሁለቱ እኔ ሴፕቴምበርን አስበልጣለሁ።

ወሩ ከተወሰነ በኋላ ፀሐይ የምትወጣበትንና የምትጠልቅበትን አቅጣጫ በካርታ ላይ ማስመር ያስፈልጋል። በኛ አገር ፀሐይ ሁልጊዜ ከምሥራቅ ብዙም ሳትርቅ ትወጣለች፤ በኦርክኒ ግን በሰኔ ከሰሜን ምሥራቅ (39 ዲግሪ ገደማ) ወጥታ በሰሜን ምዕራብ ስትጠልቅ፣ በታኅሣሥ ከደቡብ ምሥራቅ (141 ዲግሪ ገደማ) ወጥታ በደቡብ ምዕራብ ትጠልቃለች። ስለዚህ በበይነ መረብ ያዩትን የብሮድጋር ፎቶ ለመድገም የሚሄድ ሰው ፎቶው በየትኛው ወር እንደተነሳ ሳያረጋግጥ ከሄደ ፀሐዩዋን ከጀርባው ሊያገኛት ይችላል። የፀሐይን አቅጣጫ በካርታ ላይ የሚያሳዩ የስልክ መተግበሪያዎች አሉ፤ ለእያንዳንዱ ስፍራ ሁለት ሁለት ቀን መርጠው መስመሩን ያስቀምጡ፣ የካርታውንም ምስል በስልክዎ ያኑሩ፤ በደሴቶቹ ላይ ኔትወርክ የማይደርስበት ቦታ አይጠፋም።

ስለ ካላኒሽ የሚያነብ ሰው በየ18.6 ዓመቱ ስለሚደርሰውና ጨረቃ በአድማስ ላይ እጅግ ዝቅ ብላ ስለምታልፍበት ክስተት ማንበቡ አይቀርም። የቅርቡ በ2024 እና በ2025 እ.ኤ.አ. አልፏል፤ ስለዚህ ይህን ምክንያት አድርጎ አሁን ጉዞ ማቀድ አያስፈልግም።

ቪዛና ወረቀት

ብሪታንያ የሸንገን አባል ስላልሆነች የሸንገን ቪዛ አያስገባም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በአዲስ አበባም ይኑር በዱባይ ወይም በሮም፣ የብሪታንያ የጎብኚ ቪዛ ማውጣት አለበት። ማመልከቻው በበይነ መረብ የሚሞላ ሲሆን ከጉዞው ቀን 3 ወር በፊት ጀምሮ ማስገባት ይቻላል፤ ውሳኔው አብዛኛውን ጊዜ በ3 ሳምንት ውስጥ ይደርሳል፣ ቢሆንም ሁለት ወር መተው ይበጃል። የአሜሪካ፣ የእስራኤል ወይም (ከአየርላንድ በቀር) የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ዜግነት ያላቸው ወገኖች ቪዛ ባያስፈልጋቸውም ከመሳፈራቸው በፊት ኢቲኤ የሚባለውን የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃድ ማግኘት ይኖርባቸዋል።

የቪዛ መኮንኑ አንድ ኢትዮጵያዊ ለምን ለንደንን አልፎ ኦርክኒ እንደሚሄድ መጠየቁ አይቀርም። ስለዚህ የቀን በቀን ዕቅዱን፣ የማረፊያውን ማረጋገጫ፣ ከዚህ በፊት የሠሯቸውን ፎቶዎች የሚያሳይ ገጽና የወጪ ምንጩን የሚያስረዳ አጭር ደብዳቤ አብሮ ማያያዝ ጥሩ ነው። በጎብኚ ቪዛ በብሪታንያ ላለ ደንበኛ ተከፍሎ መሥራት እንደማይፈቀድ ደግሞ መዘንጋት የለበትም። ከአዲስ አበባ ብዙ ካሜራና ሌንስ ይዘው የሚወጡ ሰዎች መለያ ቁጥራቸውን ከአየር ማረፊያው ጉምሩክ ዘንድ አስመዝግበው ቢወጡ ሲመለሱ ከሚነሳ ጥያቄ ይድናሉ።

መንገዱ

ከአዲስ አበባ ለንደን ከተደረሰ በኋላ ወደ ኦርክኒ የሚወስዱ ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው በአየር ሲሆን ከኤድንብራ፣ ከግላስጎ፣ ከአበርዲን ወይም ከኢንቨርነስ ተነስቶ ኪርክዎል የሚያርፍ ትንሽ አውሮፕላን ነው። እነዚህ አውሮፕላኖች ለእጅ ሻንጣ የሚፈቅዱት ክብደት ትልልቆቹ አየር መንገዶች ከሚፈቅዱት ያነሰ ስለሆነ፣ የካሜራ ቦርሳዎን በሚዛን ሳያስመዝኑ አይሂዱ።

ሁለተኛውና እኔ የምመርጠው በባሕር ነው። ከስክራብስተር ወደብ የሚነሳው የመኪና ጀልባ በ90 ደቂቃ ስትሮምነስ ይደርሳል፤ በመንገዱም ከባሕሩ ቀጥ ብሎ የወጣውን የሆይ የድንጋይ ዓምድ አጠገብ ያልፋል። ከጊልስ ቤይ የሚነሳ ሌላ ጀልባ ደግሞ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ለንደን የሚኖር ሰው ማታ በሚነሳው ባለመኝታ ባቡር ኢንቨርነስ አድሮ፣ ከዚያ በሌላ ባቡር አራት ሰዓት ገደማ ተጉዞ ተርሶ መድረስ ይችላል፤ ስክራብስተር ከተርሶ አጠገብ ነው። ወደ ሉዊስ የሚሄድ ሰው ከአላፑል ጀልባ ይሳፈራል፣ ጉዞውም ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ይወስዳል። መኪና ይዞ ለመሻገር የጀልባ ቦታ በአውሮፓ በጋ (ከጁን እስከ ኦገስት) ቀድሞ ስለሚያልቅ ከማረፊያው በፊት መያዝ ያለበት ጀልባው ነው።

በኪርክዎልና በስትሮምነስ መካከል አውቶቡስ አለ፤ በስቴንስ በኩልም ያልፋል። ሆኖም ንጋት ላይ ድንጋዮቹ ዘንድ ለመድረስ የሚፈልግ ሰው መኪና መከራየት ግድ ይሆንበታል። በውጭ አገር መንጃ ፈቃድ እስከ 12 ወር መንዳት ቢፈቀድም አከራዮች ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ሊጠይቁ ስለሚችሉ አስቀድሞ ማውጣት ይሻላል። መኪና የሚነዳው በግራ ነው። በሉዊስ ብዙዎቹ መንገዶች አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፉ በመሆናቸው በየመሐሉ በተሠሩት መቆያ ቦታዎች ገብቶ ከፊት የሚመጣውን ማሳለፍ ያስፈልጋል፤ እነዚህ ቦታዎች ፎቶ ለማንሳት የሚቆምባቸው እንዳይመስልዎ።

ማረፊያና ምግብ

በኦርክኒ ከኪርክዎል ይልቅ ስትሮምነስ ወይም ስቴንስ አካባቢ ማደር ይመረጣል፤ ብሮድጋር ከስትሮምነስ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚርቅ ከእንቅልፍ ተነስቶ በሩብ ሰዓት መድረስ ይቻላል። ወጥ ቤት ያለው ቤት መከራየት ከሆቴል ይሻላል። ምክንያቱም ፀሐይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል በምትጠልቅበት በሜይ ወር ከሥራ ሲመለሱ የምግብ ቤቶቹ ወጥ ቤት ተዘግቶ ይገኛል። ጾም ላይ ለሚሆን ሰውማ ምርጫ የለውም፤ የደሴቶቹ ምግብ ሥጋ፣ ዓሣና የወተት ተዋጽኦ የሚበዛበት ነው። ሽሮና በርበሬ ይዞ መሄድ ይቻላል፤ ቋንጣና የተነጠረ ቅቤ ወደ ብሪታንያ ማስገባት ግን ክልክል ነው።

በሉዊስ እሑድ እስከ ዛሬ በጥብቅ ስለሚከበር ብዙ ሱቆችና ምግብ ቤቶች ይዘጋሉ። ቅዳሜ ምግብና ነዳጅ ሞልቶ ማደር ነው። ገንዘብን በተመለከተ፣ የስኮትላንድ ባንኮች የየራሳቸውን የፓውንድ ኖት ስለሚያሳትሙ የተረፈዎትን ስኮትላንድ ውስጥ ጨርሰው ይውጡ፤ ከስኮትላንድ ውጭ መመንዘሩ ያስቸግራል።

ዕቃ

ሌንስ ሦስት ይበቃል፤ ሰፊ (16–35)፣ መካከለኛ (24–70) እና ረጅም (70–200)። ብዙ ሰው ረጅሙን ቤቱ ትቶ ይሄዳል፣ ይህ ግን ስህተት ነው። ከብሮድጋር በደቡብ ምዕራብ የሚታዩት የሆይ ደሴት ተራሮች በሰፊ ሌንስ ሲነሱ አንሰው የሚጠፉ ሲሆን፣ ወደ ኋላ ርቆ በ200 ሚሊ ሜትር ሲነሳ ግን ከድንጋዮቹ ጀርባ ግዘፍ ነስተው ይታያሉ።

ትራይፖዱ ከባድና አጭር ሆኖ መቆም የሚችል ይሁን። ቀላሉን የካርቦን ትራይፖድ የኦርክኒ ነፋስ ያነቃንቀዋል። ከባሕር የሚመጣው ነፋስ ጨው የተቀላቀለበት ውኃ ይዞ ስለሚመጣ የሌንሱ ፊት በየደቂቃው መጠረግ አለበት፤ ቢያንስ አምስት ያህል መጥረጊያ ጨርቅ በተለያየ ኪስ ይያዙ፣ የረጠበው ጨርቅ ጨውን ከማስፋት በቀር አይጠርግምና። ማታ ማታ ካሜራውንና የትራይፖዱን መገጣጠሚያ በንጹሕ ውኃ እርጥብ ባደረጉት ጨርቅ መጥረግ ዝገትን ይከላከላል።

ትርፍ ባትሪዎች በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይገቡም። የብሪታንያ የኤሌክትሪክ ሶኬት ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው መሰኪያ የሚቀበል ስለሆነ ማስተላለፊያ ያስፈልጋል። ልብስን በተመለከተ፣ በበጋም ቢሆን ሙቀቱ 15 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ፣ ኮፍያ፣ እንዲሁም ጣት ማውጫ ያለው ጓንት መያዝ ግድ ነው። ጃንጥላ አይጠቅምም፤ ነፋሱ ይገለብጠዋል። ወደ ሉዊስ በበጋ የሚሄድ ሰው ነፋስ በሌለበት ማታ በደመና ተሰብስበው ለሚነክሱት ትንንሽ ዝንቦች መከላከያ ቅባትና የፊት መረብ ይያዝ።

ከመሄድ በፊት መለማመድ

ድንጋይ ማንሳት ከሩቅ ቀላል ይመስላል፤ ጥበቡ ግን ልምምድ ይጠይቃል። ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰው ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በሶዶ የምትገኘው ጢያ ጥሩ መለማመጃ ናት። በዓለም ቅርስነት በ1980 እ.ኤ.አ. የተመዘገበው ይህ ስፍራም 36 ትክል ድንጋዮች አሉት። በላያቸው የተቀረጹት ሰይፎችና ምልክቶች ብርሃን ከጎን ሲያገኛቸው ፈክተው ይወጣሉ፣ ከፊት ሲያገኛቸው ደግሞ ይጠፋሉ። አንዱን ድንጋይ መርጦ በማለዳ፣ በእኩለ ቀንና ከፀሐይ መጥለቅ በፊት ከአንድ ቦታ ላይ ማንሳትና ሦስቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ማስተያየት ብዙ ያስተምራል። እንግሊዝ የሚኖር ሰው በኤቭበሪ መንደር ያሉትን ትክል ድንጋዮች ያለ ክፍያ ሊለማመድባቸው ይችላል።

በስፍራው ላይ

እንደ ደረሱ ካሜራ አያውጡ። የመጀመሪያውን ከሰዓት በኋላ በብሮድጋር ዙሪያ ያለ ካሜራ ይዙሩ፤ የትኛው ድንጋይ ወደየት እንደሚያይ፣ የትኞቹ ሁለት ድንጋዮች ከየት ሲታዩ እንደሚደራረቡ ይመልከቱ።

አንድ ድንጋይ ወስደን ሥራውን ደረጃ በደረጃ እንይ። የብሮድጋር ድንጋዮች ቁመታቸው ከ2.1 እስከ 4.7 ሜትር ሲሆን ከፊት ሰፊ፣ ከጎን ግን ቀጭን ናቸው። ስለዚህ ሁለት ሜትር ያህል ወደ ጎን በተንቀሳቀሱ ቁጥር ቅርጹ ፈጽሞ ይለወጣል። ፀሐይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት ከድንጋዩ ፊት ሳይሆን ብርሃኑ ገጹን እየዳሰሰ በሚያልፍበት ጎን ይቁሙ። በዚያ ብርሃን የድንጋዩ ንብርብር፣ ስንጥቁና በላዩ የበቀለው ቢጫና ግራጫ የድንጋይ ሽበት አንድ በአንድ ይለያሉ። ከዚያ ጉልበትዎን ያንበርክኩ፤ ካሜራው ወደ መሬት ሲቀርብ የድንጋዩ ጫፍ ከኋላው ካለው ኮረብታ በላይ ወጥቶ ከሰማይ ጋር ይገናኛል። በቁመትዎ ልክ ካነሱት ጫፉ ከኮረብታው ጋር ተደባልቆ ጠፍቶ ይቀራል። ከኋላ ያሉት ድንጋዮች ከፊተኛው ጋር እንዳይነካኩ ግማሽ እርምጃ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ በመሄድ በመካከላቸው ክፍተት ይፍጠሩ። ብዙዎቹ የብሮድጋር ፎቶዎች የሚበላሹት በዚህች ግማሽ እርምጃ ነው።

የሌንስ ቀዳዳውን 8 ወይም 11 ላይ ያድርጉ። ነፋስ ካለ አይኤስኦውን ወደ 400 ከፍ አድርገው ሣሩ እንዳይደበዝዝ ፍጥነቱን ወደ 1/250 ያውጡት። ሰማዩ ብሩህ፣ ድንጋዩ ጨለማ ስለሚሆን አንዱን ምስል በሦስት የተለያየ ብርሃን መጠን ማንሳትና ፋይሉን በራው ማስቀመጥ ቤት ገብቶ ለማስተካከል ይጠቅማል። ደመናው እንዲሳብ አድርገው ለ30 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ማንሳት ከፈለጉ የትራይፖዱን መካከለኛ ዘንግ አያውጡ፣ እግሩን በሰፊው ይዘርጉት፣ ቦርሳውንም ከሥሩ ሲያንጠለጥሉ መሬት እንዲነካ ያድርጉ፤ በአየር ላይ የሚወዛወዝ ቦርሳ ካለመኖሩ ይብሳል።

በካላኒሽ ሥራው ይለያል። ድንጋዮቹ ተጠጋግተው ስለቆሙ ሙሉ ክቡን ከውስጥ ሆኖ ማንሳት ብዙ ጊዜ ውጥንቅጥ ያስከትላል፤ በስተሰሜን ባለው የድንጋይ ረድፍ ጫፍ ቆሞ ወደ ክቡ መመልከት ዓይንን በሥርዓት ይመራዋል። ዝናብ ከዘነበ በኋላ ወዲያው ይውጡ፤ ናይሱ ሲረጥብ መስመሮቹ ጎልተው ይወጣሉ፣ ሲደርቅ ግን ይደበዝዛሉ።

ስካራ ብሬ በ1850 እ.ኤ.አ. ማዕበል አሸዋውን ጠርጎ ያወጣው የድንጋይ መንደር ሲሆን የድንጋይ አልጋና መደርደሪያ ያላቸውን ቤቶች ከላይ በመንገዱ ላይ ሆኖ ማየት እንጂ ወደ ውስጥ መውረድ አይፈቀድም። ቤቶቹ ጉድጓድ ስለሆኑ በፀሐይ ግማሻቸው ይነጣል፣ ግማሻቸው ይጠቁራል። ስለዚህ ለደመናማ ቀን ይተዉት። መንገዱ ጠባብ በመሆኑ በትራይፖድ ሌሎችን ማገድ አይገባም። ወደ ሜስሃው የሚገባው አስቀድሞ ቦታ በመያዝና ከአስጎብኚ ጋር ብቻ ነው፤ መግቢያው ዝቅተኛ ስለሆነ አጎንብሶ መሄድ ይጠይቃል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የገቡ የሰሜን ሰዎች (ቫይኪንጎች) በግድግዳው ላይ የጫሩት ጽሑፍ ለብቻው የሚያስኬድ ነው፤ ስለ ካሜራ ግን ከመግባትዎ በፊት አስጎብኚውን ይጠይቁ።

ትልልቅ የመዝናኛ መርከቦች በበጋ ኪርክዎል ሲቆሙ ብሮድጋር በአውቶቡሶች ይሞላል። የመርከቦቹ መምጫ ቀን ስለሚታወጅ ከዕቅድዎ ጋር ያስተያዩት፤ መርከብ ባለበት ቀን ከረፋድ እስከ ከሰዓት ወደ ሌላ ደሴት መሻገር ወይም መተኛት ነው።

ፈቃድና ክብር

ብሮድጋር፣ ስቴንስና ካላኒሽ ያለ ክፍያ በማንኛውም ሰዓት ይጎበኛሉ። ለራስ የሚነሳ ፎቶ ፈቃድ አይጠይቅም፤ ለማስታወቂያ ወይም ለሽያጭ የሚነሳ ከሆነ ግን ቅርሶቹን የሚያስተዳድረውን የስኮትላንድ የታሪካዊ ቅርሶች መሥሪያ ቤት ማስፈቀድ ያስፈልጋል። ድሮንም በእነዚህ ቅርሶች ላይ ያለ ፈቃድ አይበርም፤ በብሪታንያ ሕግ መመዝገብና ከ120 ሜትር በላይ አለመውጣትም ተጨማሪ ግዴታ ነው። ፈቃዱን ሳይዙ ድሮን ይዞ መሄድ ክብደት መሸከም ብቻ ይሆናል።

በስኮትላንድ ሕግ ሰው በገጠሩ መሬት ላይ በኃላፊነት የመዘዋወር መብት አለው። ይህ መብት የከፈቱትን በር ከመዝጋት፣ ከሰብል ከመራቅና ጥጃ ካላት ላም ርቆ ከማለፍ ግዴታ ጋር የመጣ ነው። በድንጋዮቹ ላይ መደገፍ፣ ቦርሳ ማስደገፍና መውጣት አይገባም፤ ሽበቱ ለመብቀል የፈጀው ዘመን በአንድ የጫማ ርግጫ ይነሳል። በ1814 እ.ኤ.አ. አንድ ባለ እርሻ ሰዎች ወደ ማሳው መመላለሳቸው ስላስመረረው በስቴንስ አጠገብ የነበረውን ባለ ቀዳዳ የኦዲን ድንጋይ ሰባብሮታል፤ የአካባቢው ሰው ዛሬም ያን ታሪክ ያወሳል። ሣሩ እንዲያገግም የተዘጋ መንገድ ሲያዩም ምልክቱን ያክብሩ።

ቀኖቹን መደልደል

ለሰባት ቀን የኦርክኒ ጉዞ ሁለቱ ቀን የመግቢያና የመውጫ ናቸው። ከቀሩት አምስት ሁለቱን ለብሮድጋርና ለስቴንስ፣ አንዱን ለስካራ ብሬና ለሜስሃው ይመድቡ፤ ሁለቱን ምንም ሳይጽፉባቸው ይተዉ። የተተዉት ቀኖች ዝናብ ያበላሸውን ለመተካት ናቸው፤ አየሩ ከተመቸም ወደ ሩሴይ ወይም ወደ ሆይ ይሻገሩባቸው። ሜስሃው በሰዓት የተያዘ ስለሆነ ሌላው ሁሉ በእርሱ ዙሪያ ይንቀሳቀሳል።

በየማታው የአየር ትንበያውን ሲያዩ ዝናቡን ብቻ ሳይሆን የነፋሱን ፍጥነትና የደመናውን ከፍታ ይመልከቱ፤ ከፍ ያለ ስስ ደመና ለጀንበር መጥለቂያ ይበጃል፣ ዝቅ ያለ ወፍራም ደመና ግን ሰማዩን ይዘጋዋል። የዕለቱን ፎቶዎች ሳይተኙ በሁለት የተለያዩ ማስቀመጫዎች ይገልብጡና አንዱን ከካሜራው ቦርሳ ለይተው ያስቀምጡ።

የመመለሻ ጀልባዎን ከአገር የሚያስወጣዎት በረራ ካለበት ቀን ቢያንስ አንድ ሌሊት አስቀድመው ይያዙ። ጀልባ በነፋስ ሲሰረዝ ቀጣዩ በማግስቱ ሊሆን ይችላልና፣ ያን ሌሊት ኢንቨርነስ ወይም አበርዲን ማደር ከበረራ መቅረት በእጅጉ ያነሰ ወጪ ነው።